የጭቃው ጠጠር ምን ይናገራል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ በጣም ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ከጭቃ የተሠራ ነው። ትልቅነቱ የባቄላ ፍሬ ወይም የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ነው። ወርቅ አይደለም፤ ብርም አይደለም። መንገድ ላይ ወድቆ ብናየው ጎንበስ ብለን የምናነሣው አይደለም። ነገር ግን ይህ ዕቃ ብዙ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመታት ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ምንነቱ ሲመረመር ደግሞ የገበሬንና የእረኛን ኑሮ፣ የጎተራንና የግብርን ነገር፣ እንዲሁም ጽሕፈት እንዴት እንደ ተጀመረ የሚናገር ሆኖ ተገኘ።

እኛ ይህን ርእስ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ፊደል የቆጠረ ሰው «ለመሆኑ ጽሕፈትን መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው? ለምንስ አመጣው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙዎቻችን ጽሕፈት የተጀመረው ለነገሥታት ዜና ወይም ለጸሎት ይመስለናል። ከመሬት ውስጥ የወጣው ማስረጃ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስንናገር ለይተን እንናገራለን።

ስም ያልተገኘለት ዕቃ

ነገሩ የሆነው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ዛሬ ኢራቅ፣ ኢራን፣ ሶርያና ቱርክ በሚባሉት አገሮች ማለት ነው። ኤፍራጥስና ጤግሮስ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች የሚፈስሱት በዚያ በኩል ነው። በዚያ አካባቢ የነበሩ ሰዎች ገብስና ስንዴ መዝራት፣ በግና ፍየል ማርባት ከጀመሩ 10,000 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል።

አርኪዮሎጂስቶች የሚባሉ ሊቃውንት አሉ። ሥራቸው መሬትን በጥንቃቄ እየቆፈሩ የጥንት ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ማጥናት ነው። እነዚህ ሰዎች የመካከለኛውን ምሥራቅ ጥንታዊ መንደሮች ሲቆፍሩ ትንንሽ የጭቃ ዕቃዎች ያገኙ ነበር። አንዳንዱ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጣጣ ነው። አንዳንዱ ድቡልቡል ነው። አንዳንዱ እንደ ዳቦ ክብና ጠፍጣፋ ነው። አንዳንዱ እንቁላል ይመስላል። ሌላው ደግሞ የዱላ ቁራጭ ይመስላል። ሁሉም በእጅ የተድበለበሉ ናቸው። ብዙዎቹም በእሳት ተተኩሰው ጠንክረዋል።

ታዲያ ምንድን ናቸው? አንዱ ሊቅ «የልጆች መጫወቻ ነው» አለ። ሌላው «እኛ ገበጣ እንደምንጫወትበት ያለ የጨዋታ ጠጠር ነው» የሚል ዓይነት ሐሳብ አቀረበ። ሌላው «እንደ ክታብ የሚያዝ ነው» አለ። ብዙዎቹ ደግሞ «ምንነቱ ያልታወቀ» ብለው ጽፈው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ካርልተን ኩን የሚባል አሜሪካዊ በኢራን፣ በካስፒያን ባሕር አጠገብ ካለ ዋሻ፣ አምስት ሾጣጣ የጭቃ ዕቃዎች አወጣ። በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ «ለምን እንዳገለገሉ ማንም የመሰለውን ይገምት» በሚል መንፈስ አለፋቸው።

እንግዲህ ዕቃው በእጅ ተይዟል፤ ግን አይናገርም። እንዲናገር ያደረገው ምንድን ነው? ወደዚያ እንለፍ።

የዚቃሩ መንጋ

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በሰሜን ኢራቅ ነው። ኪርኩክ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ኑዚ የምትባል ጥንታዊት ከተማ ነበረች። በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ አሜሪካውያን ቆፋሪዎች በዚያ ቦታ አንድ የእንቁላል ቅርጽ ያለው የጭቃ ዕቃ አገኙ። ውስጡ ባዶ ሆኖ የተሠራ ነበር። በውስጡም 49 ጠጠሮች ተከተውበት ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ በዚያ አገር ጽሕፈት ተጽፎበታል። ዕድሜው 3,400 ዓመት ገደማ ይሆናል።

ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችሉ ሊቃውንት ነበሩ። የጠጠሮቹ ዝርዝር ነበር፦

የወለዱ በጎች 21፤
ሴት የበግ ግልገሎች 6፤
አውራ በጎች 8፤
ወንድ የበግ ግልገሎች 4፤
የወለዱ ፍየሎች 6፤
አውራ ፍየል 1፤
ሴት የፍየል ግልገሎች 3።

ከዚህ በታች የእረኛው ማኅተም አለ። የእረኛው ስም ዚቃሩ ይባላል።

እስቲ እርሳስ የያዛችሁ ደምሩት። 21 እና 6፣ 27 ይሆናል። 8 ሲጨመርበት 35። 4 ሲጨመርበት 39። 6 ሲጨመርበት 45። 1 ሲጨመርበት 46። 3 ሲጨመርበት 49። ልክ ከውስጥ የነበሩት ጠጠሮች ቁጥር ነው! ለእያንዳንዱ በግና ለእያንዳንዱ ፍየል አንድ አንድ ጠጠር ተቀምጦለታል ማለት ነው።

በዚያው በኑዚ ቁፋሮ ጊዜ የደረሰ አንድ ነገርም ይነገራል። ቆፋሪዎቹ አንድ ያገሩን ሰው ዶሮ ገዝቶ እንዲመጣ ወደ ገበያ ላኩት። ሰውየው ዶሮዎቹን አመጣ። ሳይቆጠሩ ግን ግቢ ውስጥ ተለቀቁና ከሌሎቹ ዶሮዎች ጋር ተቀላቀሉ። «ስንት ገዛህ?» ቢሉት ቁጥር አልተማረምና መናገር አልቻለም። ነገር ግን ዶሮ በገዛ ቁጥር አንድ ጠጠር ለይቶ አስቀምጦ ኖሯል። ጠጠሮቹን አሳያቸው፤ ሒሳቡም ተገኘ። እንግዲህ ዚቃሩ ከኖረበት ዘመን ከ3,000 ዓመት በኋላ በዚያው ምድር ሰው አሁንም በጠጠር ይቆጥር ነበር። በእኛስ አገር ሳይማር ከብቱን በጠጠር የቆጠረ፣ ቀኑን በገመድ ቋጠሮ የያዘ አያት የሌለው ማን አለ?

ሊዮ ኦፐንሃይም የሚባል ሊቅ በ1959 ይህን ነገር አብራርቶ ጻፈ። ከኑዚ በወጡ ሌሎች የጭቃ ሰሌዳዎች ላይም ስለ በጎች ጠጠር ማስቀመጥና ማንሣት የሚናገር ቃል እንዳለ አሳየ። ደግሞም በመንጋው ባለቤት ቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ ሌላ የጭቃ ሰሌዳ ተገኝቷል። ታዲያ ለአንድ መንጋ ሁለት ዓይነት መዝገብ ለምን አስፈለገ? ሊቃውንት እንዲህ አሰቡ፦ የተጻፈው ሰሌዳ ማንበብ ለሚችለው ወገን ነው፤ ጠጠሩ ደግሞ ማንበብ ለማይችለው ለእረኛው ነው። ይህን ሐሳብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የታሸገው የጭቃ ኳስ

ሁለተኛው ፍንጭ የመጣው ከኢራን፣ በመጽሐፈ አስቴር ስሟ ከሚነሣው ከሱሳ ከተማ ነው። በሱሳ ፈረንሳውያን ለብዙ ዓመታት ቆፍረዋል። ካገኟቸው ዕቃዎች መካከል ኳስ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የጭቃ ዕቃዎች ነበሩ። አንዱ ኳስ በጭብጥ የሚያዝ ነው። ዕድሜው ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። ከዚቃሩ መዝገብ በ2,000 ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው። በዚህ ኳስ ላይ የሰዎች ማኅተም ታትሞበታል። ውስጡ ደግሞ እነዚያ ስም ያልተገኘላቸው ትንንሽ የጭቃ ዕቃዎች አሉ።

በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይሠራ የነበረው ፒየር አሚዬ በ1966 ሐሳቡን ጽፎ አወጣ። በኳሱ ውስጥ ያሉት ጠጠሮች የዕቃ መቁጠሪያ ናቸው አለ። የኑዚ ዓይነት አሠራር በሱሳም ነበር፤ ያውም ጽሕፈት በደንብ ሳይታወቅ በፊት።

ኳሱ ምን ያደርግ ነበር? ነገሩን በእኛ ኑሮ እንየው። አንድ ሰው በግ ወይም እህል ለሌላ ሰው ያስረክባል። ሁለቱም ነገ ክርክር እንዳይነሣ ይፈልጋሉ። ጠጠሩን በግልጽ ቢያስቀምጡት አንዱ ሊቀንስ፣ አንዱ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ጠጠሩን እርጥብ ጭቃ ውስጥ ከትተው ያድበለብሉታል፤ ማኅተም ያሳርፉበታል፤ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ኳሱን ሳይሰብር ማንም ቁጥሩን ሊለውጥ አይችልም። ክርክር ከተነሣ ይሰበራል፤ ጠጠሩ ይቆጠራል። ሊቃውንት የኳሱን አገልግሎት የሚገምቱት እንዲህ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች በውል ላይ ምስክር እንደሚያቆሙት ሁሉ ኳሱ ምስክር ነበር።

ሣጥን ውስጥ የቀሩት ጠጠሮች

ሦስተኛውን ሥራ የሠራችው ዴኒዝ ሽማንት ቤሴራ የምትባል በፈረንሳይ አገር የተወለደች ሊቅ ናት። ይህች ሴት በ1969 ጥናቷን ስትጀምር ስለ ጠጠር አልነበረም። ሰው ሸክላ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ጭቃን ለምን ይጠቀምበት እንደ ነበር ልታጠና ነው የተነሣችው። ጡብ፣ ምድጃ፣ የቤት ልስን ለማየት በብዙ አገሮች ወደሚገኙ ሙዚየሞች ሄደች። በሄደችበት ሁሉ ግን ሾጣጣው፣ ድቡልቡሉና ጠፍጣፋው ጠጠር ይገጥማታል። ከኢራን በመጣ ሣጥን አለ። ከኢራቅ በመጣ ሣጥን አለ። ከሶርያም፣ ከቱርክም በመጣው አለ።

በየአገሩ አንድ ዓይነት ከሆነ እንዲያው መጫወቻ ብቻ ሊሆን እንዴት ይችላል? ይህን ጠየቀች። ፒየር አሚዬ ስለ ሱሳ ኳሶች የጻፈውን ስታስብ ነገሩ ተገናኘላት። በሱሳ ኳስ ውስጥ የተገኙት ጠጠሮች ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው ከነበሩት ጠጠሮች ጋር ይመሳሰላሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ለፍታ 8,000 ያህል ጠጠሮችን ዘረዘረች፤ በ1992ም መጽሐፍ አሳተመች። ከመካከላቸው የጥንቶቹ ከ9,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ያ ዘመን ሰዎች ማረስና እህል ማከማቸት የጀመሩበት ዘመን ነው።

በእርሷ አስተያየት እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ትርጉም ነበረው። ትንሹ ሾጣጣ እንደ ቁና ላለ ትንሽ የእህል መስፈሪያ ነው። ድቡልቡሉ እንደ ዳውላ ላለ ትልቅ መስፈሪያ ነው። የእንቁላል ቅርጽ ያለው ለዘይት ማድጋ ነው። መስቀል የተሰመረበት ክብ ጠፍጣፋ ጠጠር ደግሞ ለበግ ነው። አምስት ማድጋ ዘይት ካለ አምስት እንቁላል መሰል ጠጠር ይቀመጣል።

ለምን አስፈለገ? አድኖ የሚበላ ሰው ያገኘውን ዕለቱን ይጨርሰዋል። ገበሬ ግን እንዲህ አይደለም። የዘራውን ያጭዳል፤ ያጨደውን በጎተራ ያኖራል። ለዘር ስንት ይቅር? እስከ ክረምት ስንት ይበቃል? ጎረቤት ስንት ተበደረ? ይህ ሁሉ መቆጠር አለበት። ስለዚህ መቁጠሪያውን ያስፈለገው ጎተራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከጠጠር ወደ ጽሕፈት

አሁን ወደ ታላቁ ነገር ደረስን። የጭቃው ኳስ አንድ ችግር ነበረበት። ከታሸገ በኋላ ውስጡ ስንት እንዳለ አይታይም። ለማየት ቢፈልጉ መስበር ሊኖርባቸው ነው። ለዚህ መላ ተገኘ። በአንዳንድ ኳሶች ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ጠጠሮቹን በላዩ ላይ ተጭነው አትመውባቸዋል። ከውስጥ ስድስት ጠጠር ካለ ከውጭ ስድስት ምልክት ይታያል።

ቀጥሎ ምን ሆነ? ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስቡት ሰዎቹ አንድ ነገር ልብ አሉ። ምልክቱ ከውጭ ከታየ ጠጠሩ ከውስጥ ምን ይሠራል? ስለዚህ ኳሱን ተዉትና ጭቃውን ጠፍጥፈው እንደ ትንሽ ሰሌዳ አደረጉት። ምልክቱን በሰሌዳው ላይ አተሙት። ቆይተው ደግሞ ከሸምበቆ በተቀረጸ ብዕር የዕቃውን ሥዕል ጫሩበት። በእኛ አገር ደብተሮች በመቃ ብዕር ብራና ላይ እንደሚጽፉት ማለት ነው።

ይህ ጽሕፈት በብዛት የተገኘው በደቡብ ኢራቅ፣ ኡሩክ በምትባል ከተማ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ኦሬክ ተብላ የተጠቀሰችው እርሷ ናት ይባላል። ጀርመናውያን ቆፋሪዎች ከዚያ 5,000 ያህል የጭቃ ሰሌዳዎችና ስብርባሪዎች አውጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ከታወቁት ጽሕፈቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ምን ተጽፎ ተገኘ? አብዛኞቹ የሒሳብ መዝገብ ናቸው። ስንት መስፈሪያ ገብስ ገባ፣ ስንት ወጣ። ስንት በግ ተሰጠ። ለጠላ ስንት እህል ወጣ። ለሠራተኞች ስንት ተሰፈረ። እንግዲህ በዚያ ምድር የጽሕፈት አባቱ ጎተራ፣ እናቱ አውድማ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንበል። በጠጠር ሲቆጠር 33 በግ ካለ 33 ጠጠር ያስፈልጋል። በኡሩክ ሰሌዳ ላይ ግን 33 በግ ለመጻፍ ሦስት የአሥር ምልክት፣ ሦስት የአንድ ምልክት፣ ከዚያም አንድ የበግ ምልክት ብቻ ይበቃል። የበጉም ምልክት መስቀል ያለበት ክብ ነው። ቁጥሩና ዕቃው ተለያዩ። እናንተም «33 በጎች» ብላችሁ ስትጽፉ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ከዚህ ለመድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። የእኛ ፊደል ከዚህ ከጭቃ ጽሕፈት የተወለደ አይደለም። የግእዝ ፊደል የመጣው በደቡብ ዓረብና በአገራችን ሰሜን ይጻፍ ከነበረው ከሳባ ፊደል ነው። የጽሕፈት ምንጭ በዓለም ላይ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም የጭቃው ጠጠር ሰው ለምን መጻፍ እንዳስፈለገው በግልጽ ያሳየናል።

ግምትና ማስረጃ

ይህን ሐሳብ የተቃወሙ ሊቃውንት አሉ። «እያንዳንዱ ቅርጽ በአገሩ ሁሉ፣ በዘመኑ ሁሉ አንድ ትርጉም ነበረው ማለት ይከብዳል» ይላሉ። «ጥቂቶቹ ከመቃብር ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም መጫወቻ ሊሆኑ ይችላሉ» ይላሉ። ክርክሩ አግባብ ያለው ነው። የቁጥር ምልክቶች ከጠጠሮቹ እንደ መጡ ብዙዎቹ ይስማማሉ። እያንዳንዱ የዕቃ ምልክት ከአንድ ጠጠር መጣ የሚለውን ግን ብዙዎቹ አይቀበሉትም።

ታዲያ እርግጡ የሚገኘው በምንድን ነው? ዕቃው በተገኘበት ቦታ ነው። አንድ ሾጣጣ ጭቃ ብቻውን ቢገኝ ምንም ሊሆን ይችላል። በታሸገ ኳስ ውስጥ፣ ማኅተም ከላዩ ታትሞበት ከተገኘ ግን ሌላ ነው። የኑዚ ጠጠሮች ከጽሑፉ ተለይተው ሜዳ ላይ ቢገኙ ኖሮ ከሜዳ ጠጠር ማን ይለያቸው ነበር? የተናገረው ጠጠሩ ብቻውን አይደለም፤ ጠጠሩና ጎረቤቱ አንድ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ነው ዛሬ ሊቃውንት ኳሱን ለመስበር የማይቸኩሉት። በ1960ዎቹ ኢራን ውስጥ ቾጋ ሚሽ ከሚባል ቦታ የወጡ ኳሶች አሉ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ከ20 በላይ የሆኑትን ሳይሰብሩ ውስጣቸውን አዩ። ያዩትም ሲቲ ስካን በሚባል፣ ሐኪሞች የሰውን ውስጥ ለማየት በሚጠቀሙበት ዓይነት መሣሪያ ነው። ይህን በ2013 ለሕዝብ ገለጹ።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። በአገራችን ገበሬ ሲያርስ፣ ጉድጓድ ሲቆፍር ወይም ድንጋይ ሲያነሣ ጥንታዊ ዕቃ ያገኛል። ከአክሱም ዘመን የቀረ ሳንቲም፣ የተጻፈበት ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪ ይገኛል። ዕቃውን አውጥቶ ለነጋዴ የሸጠ ሰው ጥቂት ብር ያገኝ ይሆናል። ዕቃው ግን ከቦታው ከተነሣ ምስክርነቱን አጣ። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለ ዕቃ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ዕቃውን ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል። ቦታውን ምልክት አድርጎ፣ ሳይነካኩ ለሚመለከተው መንገር ነው። ትንሽ ነው፣ ጭቃ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ትልቁን ነገር የተናገረው ይኸው ትንሹ ነው።

ጸሐፊውና ጫኙ

አሁን ቀደም ሲል ያዙልን ወዳልነው ሐሳብ እንመለስ። ጽሕፈት ከመጣ በኋላ ጠጠሩ ቀረ? አልቀረም።

በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ በጤግሮስ ወንዝ አጠገብ ዚያረት ቴፔ የሚባል ቦታ አለ። በጥንት ጊዜ የአሦር መንግሥት ከተማ ነበረች፤ ስሟም ቱሻን ይባል ነበር። ጆን ማክጊኒስና ባልደረቦቹ በዚያ ያገኙትን በ2014 አሳተሙ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከ300 በላይ የጭቃ ጠጠሮች ተገኝተዋል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለ እህል የሚናገሩ የተጻፉ የጭቃ ሰሌዳዎችም ተገኝተዋል። ዘመኑ ከዛሬ 2,600 ዓመት በላይ ነው። በዚያን ጊዜ ጽሕፈት ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ጠጠሮቹ በብዛት የተገኙት እህል ይገባበትና ይወጣበት ነበር ተብሎ በሚታሰበው በኩል ነው። ሊቃውንቱ እንዳሰቡት በበሩ በኩል እህል የሚያራግፈውና የሚጭነው ሰው ጠጠር ይቆጥራል። ከውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ የጠጠሩን ቁጥር ወስዶ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ጫኙ ጠጠሩን ያውቃል፤ ሰሌዳውን ግን አያነብም። ጸሐፊው ሁለቱንም ያውቃል።

እስቲ ነገሩን እናስተውል። ጠጠር ሳለ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ይነካዋል፤ ይቆጥረዋል። አምስት ጠጠር ለእረኛውም አምስት ነው፤ ለባለ መንጋውም አምስት ነው። ቁጥሩ ወደ ሰሌዳ ሲዞር ግን ለሚያነበው ሰው ብቻ ይናገራል። ጽሕፈት ለሰው ልጅ ትልቅ ኃይል ሰጠው። ኃይሉ ግን ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። ጥቂቶች ጻፉ፤ ብዙዎች ተጻፈባቸው።

ቁጥሩን ማን ያንብበው?

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን የመሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር እስከታወጀበት ጊዜ ድረስ ብዙ ገበሬ የሰው መሬት በሢሶ ወይም በእኩል ያርስ ነበር። አሥራት የሚገምት ሰው መጥቶ ሰብሉን በዓይኑ ይገምታል። «ይህን ያህል ይወጣዋል» ይላል። ተጻፈ፤ አለቀ። ገበሬው የተጻፈውን አያነብም። ያመረተው እርሱ ነው፤ የቆጠረው ግን ሌላ ነው። ከተሳሳተ ወይም ከተንኮለ ምን ይዞ ይከራከራል? በእጁ ዚቃሩ የነበረው ጠጠር እንኳ የለውም።

ዛሬስ? ዛሬም ገበሬ ከወረቀት አይርቅም። እህሉን ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሸጥ ሚዛን አለ፤ ደረሰኝ አለ። ማዳበሪያ ሲወስድ የዕዳ ወረቀት አለ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ፣ የባለቤቱ ስም፣ የመሬቱ ስፋትና አዋሳኙ ተጽፏል። ልጅ ስታስከትቡ ካርድ ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ ወረቀት እንደ ሱሳው የጭቃ ኳስ ነው። ከውስጡ ቁጥር አለ፤ ከላዩ ማኅተም አለ። ልዩነቱ ይህን ኳስ ሳትሰብሩት ውስጡን ማየት መቻላችሁ ነው። መክፈቻው ማንበብ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንድታደርጉ እንመክራለን። ደረሰኝ ሲሰጣችሁ ወዲያው ወደ ኪስ አትክተቱት። እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስንት ኪሎ ተጻፈ? ሚዛኑ ያሳየው ስንት ነው? ዋጋው በአንዱ ኪሎ ስንት ሆነ? ልክ ካልሆነ እዚያው ጠይቁ። «ጊዜ የለንም፣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል» ቢሏችሁም ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያሳፍረው ሳያነቡ መፈረም ነው። ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ ከማተም ስማችሁን በእጃችሁ መጻፍ ከቻላችሁ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ከላይ ያለውንም አንብቡት።

ቤታችሁም መዝገብ ይኑራችሁ። አንድ ደብተር ይበቃል። ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ለዘር ቀረ፣ ማን ምን ተበደረ። ይህን የሚጽፍ ገበሬ ከ9,000 ዓመት በፊት ጭቃ አድበልብሎ ጎተራውን የቆጠረውን ገበሬ ሥራ ይሠራል። የሚለየው ሥራውን ለሌላ ጸሐፊ አሳልፎ አለመስጠቱ ነው።

ውድ አድማጮች፤ ጽሕፈት የጀመረው የእናንተን ዓይነት ሰው ላብ፣ እህልና በግ ለመቁጠር ነው። ብዙ ሺህ ዓመት ብዕሩ በሌላ ሰው እጅ ቆየ። አሁን ብዕሩ በእጃችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት።



ካነበብን በኋላ እንወያይ

1. ሊቃውንት የጭቃው ጠጠር መቁጠሪያ እንደ ነበረ ያወቁት በምን በምን ማስረጃ ነው?
2. ሰዎች የጭቃውን ኳስ ትተው የጭቃ ሰሌዳ መጠቀም ለምን ጀመሩ?
3. የዚቃሩ መንጋ ስንት በግና ስንት ፍየል ነበረው? ለየብቻ ደምሩ።
4. በእርሻችሁ ላይ ጥንታዊ ዕቃ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ለምን?
5. በቤታችሁ ያለ አንድ ደረሰኝ አምጥታችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ። ቁጥሩ ልክ ነው ወይ?